ሲዲ አንድ እኔ ጋ፣ ሲዲ ሁለት አበልጄ ጋ

ደክሞኛል። ሰው አርሶ ይደክማል፣ ቆፍሮ ይደክማል፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይደክማል፤ እኔ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ፊልም በማየት ደክሜያለሁ። ይኼ ለማን ይነገራል? ለባለቤቴ ለአለምነሽ ብነግራት «እኔን! ወገብህን ልሽልህ?» ብላ አሾፈችብኝ። ወገቤን ቢሆን ደስ ባለኝ። እኔን የደከመኝ ሌላ ቦታ ነው።

ነገሩ የመጣው ጳጉሜ ሲገባ ነው። ጳጉሜን ታውቋታላችሁ፤ ደመወዝ የላት፣ ፀሐይ የላት። የደብረ ማርቆስ ክረምት ደግሞ ሊሄድ ተነሥቶ በር ላይ ቆሞ ወሬ የሚጀምር እንግዳ ነው፤ «በል ደህና ሁን» ካልከው በኋላ ነው ዋናውን ዝናብ የሚያወርደው። እንደዚያ ባለ ቀን ከሥራ ስመለስ ዘይነባ ከሱቋ ብቅ ብላ ጠራችኝ። ዘይነባ በአንዱ ግድግዳ ጨርቅ ትሸጣለች፣ በሌላው ግድግዳ የፊልም ሲዲ ታከራያለች። ጨርቁም ፊልሙም ሲያልቅ የምታዝን እሷ ብቻ ናት፤ እኛ የምናዝነው ፊልሙ ሳያልቅ ሲቀር ነው።

«ጋሼ፣» አለችኝ፣ «ዘንድሮ ያዩትን ፊልም ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ደረጃ ይስጡልኝ። በሬ ላይ እለጥፈዋለሁ። ሰዉ ሁሉ ‹የቱ ይሻላል?› እያለ ምላሴን አደረቀው።»

ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ። እኔ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። እዚያ ለሰው የምሰጠው ቀጠሮ ብቻ ነው፤ ደረጃ ስጥ ብሎ የለመነኝ ሰው የለም። «ችግር የለም፣ ነገ ተነገ ወዲያ አመጣልሻለሁ» ብዬ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። ቤቴ ስደርስ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። ዘንድሮ አንድም ፊልም እስከ መጨረሻው አላየሁም።

አንድም! ከቤቴ ውጭ ያየሁት እንኳ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ባሕር ዳር ስሄድ አውቶቡስ ላይ። ሰውዬው ሽጉጡን አውጥቶ ሊተኩስ ሲል ባሕር ዳር ደረስንና ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋው። እኔ ከወንበሬ አልነሣም ብዬ ረዳቱ በትከሻዬ ይዞ ነው ያወረደኝ። የቤቱ ታሪክ ግን ከዚህ የባሰ ነው፤ እሱን ለመናገር ስለ አበልጄ መናገር አለብኝ።

አበልጄ ይርጋ ልብስ ሰፊ ነው፤ ቤቱ ከቤቴ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ወዲያ ማዶ ነው። ልጄን ሰብለን ክርስትና ያነሣልኝ እሱ ነው። አበልጅ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ወንድምህን እናትህ ሳታማክርህ ወልዳ ትሰጥሃለች፤ አበልጅህን ግን ራስህ መርጠህ፣ ቤተ ክርስቲያን አቁመህ፣ ልጅህን አሸክመህ ነው የያዝከው። ከሱ ጋር ተጣልተህ «እሱ ነው እንዲህ ያደረገኝ» ብትል ሰው «መራጩ ማን ነበር?» ይልሃል።

ፊልም የሚመጣው በሁለት ሲዲ ነው፤ መጀመሪያው በአንዱ፣ መጨረሻው በሌላው። ዘይነባ ደግሞ ሕግ አላት፤ ለአንድ ሰው አንድ ሲዲ፣ አንዱን ሳይመልስ ሁለተኛውን አያይም። እኔና ይርጋ ለዚህ ሕግ ዘዴ አገኘንለት። እኔ ሲዲ አንድን እወስዳለሁ፣ እሱ ሲዲ ሁለትን ይወስዳል፣ ከዚያ ባንዳችን ቤት ተሰብስበን ሙሉውን እናያለን። እንዲህ ሆነን ለዓመታት ኖርን። ልጆቻችን ያደጉት በዚህ ሥርዓት ነው፤ ሰብለ ሕፃን ሳለች «ሲዲ ሁለት መጣ!» የምትለው የክርስትና አባቷን በር ላይ ስታየው ነበር።

ባለፈው ዓመት መስከረም እኛ ቤት የድልድዩን ፊልም እያየን ነበር። ስሙን አትጠይቁኝ፤ በፈረንጅ አፍ የተጻፈውን ማን ያነባል? እኛ ሰፈር «የድልድዩ»፣ «የአንካሳው»፣ «የሁለቱ ሚዜዎች» ነው የሚባለው። ሰውዬው ፍቅረኛውን ሲጠብቅ ዓመታት አልፈዋል፤ ፀጉሩ ሸብቷል፤ በመጨረሻ ድልድዩ ላይ ቆሟል። በጉሙ ውስጥ ከወዲያ ማዶ የሆነ ሰው ብቅ አለ። አለምነሽ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታለች። ልክ በዚያች ቅጽበት መብራት ድርግም!

የኛ ሰፈር መብራት ደግሞ መንገዱን ተከትሎ ለሁለት የተከፈለ ነው። የኛ ሲጠፋ የነይርጋ ይበራል፤ የነሱ ሲጠፋ የኛ። ይርጋ ተነሣ፣ ከኮቱ ኮሌታ መርፌ ነቅሎ ማጫወቻውን በጨለማ ቆሰቆሰና ሲዲ ሁለትን አወጣ። «በስሜ የወጣ ነው፣ ጠዋት መመለስ አለብኝ። በል አበልጅ፣ ደህና እደር» ብሎ ወጣ። እኔም በመስኮት ሸኘሁት። መንገዱን ተሻገረ፤ ቤቱ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ መስኮቱ በቴሌቪዥን ብርሃን ሰማያዊ ሆነ።

ቆሽቴ አረረ። ደጋግሜ አየሁት፤ ሰማያዊ ነው። ሳይጠራኝ ሊጨርሰው ነው!

በማግሥቱ ለቅሶ ነበረብን። ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ንፍሮ እየቆረጠምን ሳለ አንዱ «ይርጋ፣ የድልድዩ ሰውዬ ምን ሆነ?» አለው። ይርጋ ጉሮሮውን ጠረገና «መጣች እኮ» አለ። «መጣች፤ ግን ከባሏና ከልጆቿ ጋር። እሱም ልጆቹን ሳማቸው፣ በኪሱ ይዞት የኖረውን ከረሜላ ሰጣቸውና ባርኔጣውን አንሥቶ ሄደ።» ለቀስተኛው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። አንድ ሽማግሌማ ሟችን ትተው ለባለ ባርኔጣው አለቀሱ። እኔ የያዝኩትን ንፍሮ መሬት ላይ በትኜ ወጣሁ። ዓመቱን ሙሉ አልተነጋገርንም።

ኩርፊያ ያለ ደንብ አይሆንም፤ የኛም ደንብ ነበረው። እኔ እንደ ልማዴ ሲዲ አንድን እወስዳለሁ፤ እሱ እንደ ልማዱ ሲዲ ሁለትን ይወስዳል። ስመልስ ዘይነባ «ጋሼ፣ ሁለተኛውን ጋሽ ይርጋ መልሰውታል፤ ይውሰዱ» ትለኛለች።

«የሱን ትራፊ? ይቅርብኝ!»

እሱም ስለ ሲዲ አንድ ልክ እንዲሁ ይል ነበር አሉ። እንግዲህ እኔ የፊልም መጀመሪያ ብቻ የማይ ሰው ሆንኩ፤ እሱ መጨረሻ ብቻ። እኔ ዓመቱን ሙሉ ሰዎች ሲዋደዱ፣ ሲጣሉ፣ መንገድ ሲጀምሩ አይቼ የት እንደ ደረሱ ሳላውቅ እተኛለሁ። እሱ የማያውቃቸው ሰዎች ሲሞቱ እያየ ያለቅሳል። መዝገብ ቤት ለአንድ ትልም ድንበር ሲካሰሱ ያረጁ ሰዎች ሲመጡ ግን «ምን ዓይነት ደረቆች ናቸው!» ብዬ የምስቀው እኔው ነኝ።

ሁዳዴ ሲገባ ትንሽ አረፍን። አለምነሽ በጾም ቴሌቪዥኑን ነጠላ ታለብሰዋለች፤ እስከ ፋሲካ ተከናንቦ ይቀመጣል። ከቤቱ ሰው ሁሉ የሱ ጾም ሳይጸድቅ አይቀርም። ታዲያ በዚያ ጸጥታ ምን ሆንኩ መሰላችሁ? ይርጋ ናፈቀኝ። ይኸው ተናገርኩት። ፊልም ሲያይ «ተው አትግባ! ከበሩ ኋላ አለልህ!» እያለ ሲጮህ ያበሳጨኝ ነበር። በኩርፊያው ዓመት ሰዎቹ ሁሉ ዝም ብለው ሲገቡ፣ የሚያስጠነቅቃቸው ጠፍቶ እንጂ እንዲህ ባልሆኑ እል ነበር።

ነሐሴ ላይ ደግሞ ሰብለ ዩኒቨርሲቲ መግባቷ ተሰማ። ደስታችን ሳይበርድ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ አውቶቡሴ የመስቀል ማግሥት ነው።»

«እግዚአብሔር ያውቃል ልጄ፣ እናደርስሻለን።»

«የክርስትና አባቴ ሳይመርቀኝ አልሄድም። ማዶ ሄጄ አይደለም። እዚሁ ቤት መጥቶ፣ አንተ አጠገብ ተቀምጦ።»

«እሱን ተይው፤ እኔ እመርቅሽ የለ?»

«አንተ መጀመሪያውን ብቻ ነው የምታውቀው» ብላኝ ተነሥታ ሄደች። እንቅልፍ ያጣሁት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ልጅቷን አውቃታለሁ፤ ግትርነቷን ከማንም አላመጣችውም። እሄዳለሁ ብላ እንኳ ብትሄድ፣ አኩርፋ ነው የምትሄደው። ያኮረፈ ልጅ አውቶቡስ ላይ መጫን ደግሞ አልችልም።

እንግዲህ ደረጃ ስጥ የተባልኩት በዚህ መሀል ነው። ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። አንደኛ የአንካሳውን ፊልም አደረግሁ። እንዴት ያለ ደግ ሽማግሌ አለበት መሰላችሁ! በረዶ ላይ የወደቀውን አንካሳ ተሸክሞ ቤቱ ያስገባል፣ የራሱን አልጋ ይለቅለታል። ይህን ጮክ ብዬ ሳነብ አለምነሽ ከጓዳ ብቅ አለች።

«አንደኛ? ያ ሽማግሌ እኮ መጨረሻ ላይ...» ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«መጨረሻ ላይ ምን?»

«ምንም።»

«አለምነሽ! መጨረሻውን በምን አወቅሽው?»

እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ትርንጎ ነግራኝ ነዋ!» ትርንጎ የይርጋ ሚስት ናት። «ወፍጮ ቤት ወረፋ ስንጠብቅ እኔ መጀመሪያውን እነግራታለሁ፣ እሷ መጨረሻውን ትነግረኛለች። እናንተ ተኳረፋችሁ ብላችሁ እኛ ለምን እንጡም?»

«ዓመቱን ሙሉ?»

«ዓመቱን ሙሉ።»

በስማም! በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ሶፋዬ ላይ፣ የሁሉንም ፊልም መጨረሻ የምታውቅ ሴት አጠገቤ ተቀምጣ እኔ «ምን ሆኖ ይሆን?» እያልኩ ስገላበጥ ታየኛለች! የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት እኔ ነኝ።

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? ልንገርህ አሁን?»

እንግዲህ ልቤ «ንገሪኝ» ይላል፤ አፌ ግን የፍርድ ቤት ሰው አፍ ነው። «አልፈልግም! ከዚያ ቤት የወጣ መጨረሻ ጆሮዬ አይገባም» አልኩ። እሷም «እንግዲያው ደረጃህን ለራስህ ያዘው» ብላ ተመለሰች። እኔ ግን በዚያው በግማሹ ደረጃዬን ሰጥቼ ለዘይነባ አስረከብኩ። የሁለቱን ሚዜዎች መጨረሻ ላይ ጣልኩት፤ ገና ሲጀምር ሰርግ ቤት ገብተው እስኪያልቅ ይበላሉ፤ ሌላ ነገር የለውም።

በሩፋኤል ዕለት ተለጥፎ እንደ ሆነ ልይ ብዬ ወጣሁ። ተለጥፏል። ግን ሁለት ወረቀት ነው ጎን ለጎን። አንዱ የኔ ነው፤ ሌላው የይርጋ። የኔ አንደኛ እሱ ዘንድ መጨረሻ ነው። የኔ መጨረሻ እሱ ዘንድ አንደኛ ነው። የቀረውም እንዲሁ፣ እኔ ከላይ ስወርድ እሱ ከታች ይወጣል። ከገበያ የሚመለሰው ሰው ቆሞ እያነበበ «አንዳቸው ዕውር ናቸው» ይላል።

እልሄ መጣ። ወረቀቱን ልገነጥል እጄን ስዘረጋ ሰማዩ ተቀደደ። ዝናብ ብቻ አይደለም፣ በረዶም አለበት። ሰፈርተኛው የሩፋኤል ጠበል ነው እያለ ልጆቹን ወደ ውጭ ይለቃል፤ እኔ ከዘይነባ ጣሪያ ሥር ተለጠፍኩ። አንድ ሰው ደግሞ ጎንበስ ብሎ እየሮጠ መጥቶ አጠገቤ ዘሎ ገባ። አንገቱ ላይ ሜትር አለ። ይርጋ ነው።

መውጫ የለም። ወደ ግራ ብል ጎርፍ፣ ወደ ቀኝ ብል አበልጄ። ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተከልኩ፤ እሱም እንደዚያው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዘይነባ፣» አለ ወደ ውስጥ፣ «ያንን ቀጣፊ ሽማግሌ አንደኛ ያደረገውን ሰው ዓይን አለህ ወይ በይልኝ።»

«ጋሼ፣ ሰምተዋል?» አለች ዘይነባ ጨርቅ እየለካች።

«ዘይነባ፣ የራሱን አልጋ ለቆ አንካሳ ያስተኛ ሰው ቀጣፊ ነው ወይ በይልኝ።»

ይርጋ ወደኔ ዞረ። በዘይነባ በኩል መናገሩንም ረሳው። «አልጋውን ለቀቀለት?»

«ለቀቀለት እንጂ! ራሱ ምድጃ ዳር ተኛ።»

«አንተ፣ መሬቱን ቀምቶ ያባረረው እኮ እሱ ነው!»

«ሽማግሌው? አይደረግም!»

«በዓይኔ በብረቱ አይቼ!»

ዘይነባ መቀሷን አስቀመጠች። «እኔ ሥራ አለኝ። እናንተው ጨርሱት» ብላ ጀርባዋን ሰጠችን።

ዝናቡ ይወርዳል። ይርጋ ሜትሩን በጣቱ ይጠቀልላል፣ ይፈታል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ግን ሰውዬው ለምንድን ነው የሚያነክሰው?» አለኝ። «እኔ ሳየው ጀምሮ ያነክሳል። ስፌት ላይ ተቀምጬ እንኳ አስበዋለሁ። ትርንጎን ብጠይቃት ‹ሄደህ ከሚያውቀው ሰው ጠይቅ› አለችኝ።»

ይህን ያህል ኃያል ሆኜ አላውቅም። ዓመት ሙሉ የተቃጠልኩበትን ልበቀለው እችል ነበር። ፊቱን ሳየው ግን አላስቻለኝም።

«ወንድሙን ከጉድጓድ ሲያወጣ ድንጋይ እግሩ ላይ ወድቆ ነው።»

«ወንድሙን? የቱን ወንድሙን?»

«ጠባሳ ያለበትን።»

ይርጋ በረዷማው ደፍ ላይ ቁጭ አለ። «ወይ ጉዴ! ያ ባለ ጠባሳ እኮ መጨረሻ ላይ ፍርድ ቤት ቆሞ ‹ይህን ሰው አላውቀውም› ይላል። እኔ እኮ የመንገድ ሰው መስሎኝ!»

«አላውቀውም አለው?!» ብዬ ጮህኩ። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ዞረ። «እግሩን የሰጠለትን?»

ሁለታችንም ደፉ ላይ ተቀምጠን፣ ሱሪያችን ርሶ፣ ለማናውቀው ፈረንጅ አንገታችንን ነቀነቅን። ከዚያ ነው ውስጤ ያለው ፈንድቶ የወጣው። «የድልድዩንስ?» አልኩት። «የድልድዩን ብቻ ካንተው አፍ ሰምቼዋለሁ። ለቅሶ ቤት። በሰው ፊት።»

አንገቱን ደፋ። «አላየሁትም።»

«ምን?»

«አላየሁትም አበልጅ። ላየው ነበር፣ አልዋሽህም። ግን ድልድዩ ላይ ሲደርስ ሲዲው ተያዘ። ሰውዬው እጁን ያነሣል፣ ያወርዳል፣ ያነሣል፣ ያወርዳል። በሸሚዜ ወለወልኩት፣ አልሆነም። በጥርስ ሳሙና አሸሁት፣ ጭራሽ ድምፁም ጠፋ። ድንኳኑ ውስጥ ሲጠይቁኝ አላየሁትም ማለት አፈርኩ። እንዲሁ ከልቤ አወጣሁት። አንተ ደግሞ ንፍሮህን በትነህ ሄድክ።»

ተመልከቱ እንግዲህ። ማንም ባላየው መጨረሻ ዓመት ሙሉ ተኳረፍን። ንዴቱም ሳቁም ባንዴ መጣብኝና ሳል ሆኖ ወጣ። ይርጋ ጀርባዬን ይደበድባል። ዘይነባ በዚህ መሀል ከጠረጴዛዋ ሥር ሁለት ሲዲ አውጥታ ወደኛ መጣች።

«የድልድዩ ነው። ሁለተኛውን ጋሽ ይርጋ ላበላሹት በከፈሉኝ ብር ተካሁት። ለማንም አላከራየሁትም» አለች። «እኔ ሽማግሌ አይደለሁም፤ ሴት ለሽምግልና አትቀመጥም ትላላችሁ። በር ግን አለኝ።» ወረቀቶቹን ከበሩ ላይ ላጠቻቸው።

ይርጋ የዚያን ቀን መንገዱን ተሻግሮ ቤቴ ገባ። ሰብለ በሩን ከፍታ ስታየው «ሲዲ ሁለት መጣ» ብላ ጉልበቱ ላይ ወደቀች። እሱም እጁን ራሷ ላይ ጭኖ «እደጊ፣ ተመንደጊ፣ የሄድሽበት ይቅናሽ፣ በሄድሽበት እግርሽ በደህና ተመለሺ» አላት። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ «አሜን» እያልኩ ዓይኔን ጠረግሁ። አለምነሽ ያን ጊዜ አላሾፈችብኝም፤ እሷም ዓይኗን እየጠረገች ትርንጎን ልትጠራ ወጣች።

ከዚያ የድልድዩን ፊልም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየነው። መብራቱም አዘነልን። ሰውዬው ድልድዩ ላይ ቆመ፤ ጉሙ ውስጥ ሰው ብቅ አለ፤ ይርጋ «ዙር! ከኋላህ ናት!» ብሎ ጮኸ። ሰውዬው ከእንቅልፉ ነቃ። ሕልም ነበር። አለቀ።

«ይኼ ነው?» አለች አለምነሽ። «ይኼን ነው ዓመት ሙሉ?» አለች ትርንጎ። ሰብለ ብቻ ወደ ክርስትና አባቷ ዞራ «ያንተው ይሻላል፤ የከረሜላው» አለችው። እውነቷን ነው። እኔም ዓመት ሙሉ ስናደድበት የኖርኩትን መጨረሻ ያን ጊዜ ነው ደስ ብሎኝ ያሰብኩት።

በማግሥቱ አዲስ ወረቀት ለዘይነባ ወሰድንላት። «አንደኛ፦ የድልድዩ ፊልም፣ ይርጋ እንደ ጨረሰው» ይላል። አገላብጣ አየችው።

«ከሁለተኛ ጀምሮ ያለውስ?»

«ገና አላየነውም» አልናት።

ሰብለ መስቀልን ውላ ሄደች፤ ሁለታችንም አሳፈርናት። እኔና አበልጄ ደግሞ ይኸው ያለፈውን ዓመት ፊልም በሙሉ እንደ አዲስ እያየን ነው። ደክሞኛል ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ችግሩ ዓመት ሙሉ የለመደ ዓይን በቀላሉ አይመለስም። ሲዲ አንድ ሲገባ ይርጋ ያንኮራፋል፤ ሲዲ ሁለት ሲገባ እኔን እንቅልፍ ይጥለኛል። ጠዋት መንገዱ ላይ እንገናኝና እኔ መጀመሪያውን እነግረዋለሁ፣ እሱ መጨረሻውን ይነግረኛል። መጨረሻዎቹ ሁሉ ያምራሉ። እውነት ይሁኑ አይሁኑ ግን ጠይቄው አላውቅም።